ገቢ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ሲቀንስ የቤተሰብ ወጪን መምራት፦ ለሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ መረጃ

ሕመም ወይም አደጋ የቤተሰብን ገቢ የሚቀንሰው ወጪው በሚበዛበት ጊዜ ነው። ደመወዙ በተጓደለበት ወር የመድኃኒት፣ የትራንስፖርትና የአስታማሚ ወጪ ይጨመራል፤ የቤት ኪራይ፣ የመብራትና የውሃ ክፍያም እንደ ወትሮው ይመጣል። ብዙ ቤተሰቦች ለችግር የሚዳረጉት ግን ገቢው በመቀነሱ ብቻ አይደለም፤ መቼና በምን ያህል እንደሚቀንስ አስቀድመው ባለማወቃቸውም ነው። በሕመምና በጉዳት ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ በሕግ በተወሰነ ደረጃ እየቀነሰ የሚሄድ በመሆኑ አስቀድሞ ሊሰላ ይችላል። ስለዚህ ለእቅድ የሚመቸው ጊዜ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት የመጀመሪያው ወር ነው።

ከዚህ በታች የቀረበው የደመወዝ ስሌት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚተዳደሩ ሠራተኞችን ይመለከታል። የመንግሥት ሠራተኞች የሕመም ፈቃድ በራሱ ሕግ የሚመራ ስለሆነ ዝርዝሩን ከመሥሪያ ቤታቸው የሰው ሀብት አስተዳደር መጠየቅ ይገባቸዋል።

በሕመም ፈቃድ ጊዜ የሚከፈል ደመወዝ

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ውጪ በሆነ ሕመም ምክንያት መሥራት ሳይችል ሲቀር የሕመም ፈቃድ የማግኘት መብት አለው። ፈቃዱ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ፣ ሕመሙ ከደረሰበት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በሚቆጠር የ12 ወራት ጊዜ ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም። ክፍያውም እንደሚከተለው ነው፦

- ለመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፤
- ለሚቀጥሉት 2 ወራት የደመወዙ 50 በመቶ፤
- ለመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ።

ለምሳሌ በወር 10,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ በመጀመሪያው ወር 10,000 ብር፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር ለእያንዳንዱ 5,000 ብር ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት የሚከፈለው ነገር የለም። በ6 ወሩ በጠቅላላው የሚያገኘው 20,000 ብር ሲሆን፣ ለስድስት ሲካፈል በወር 3,333 ብር ገደማ ይሆናል። ሕመሙ ይረዝማል ተብሎ በሐኪም የተገመተበት ቤተሰብ ወጪውን ማመዛዘን ያለበት በመጀመሪያው ወር ከሚገባው 10,000 ብር ጋር ሳይሆን ከዚህ ዝቅተኛ አማካይ ጋር ነው።

ሠራተኛው ሕመሙን አሠሪው ካላወቀ ወይም ለማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ ከሥራ በቀረበት ማግስት ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት። በመንግሥት እውቅና ካለው የሕክምና ተቋም የተሰጠ የሕክምና ማስረጃም ማቅረብ ይጠበቅበታል። ያልተጠቀመበት የዓመት ፈቃድ ካለው፣ ክፍያ በሚቋረጥባቸው ወራት እንዲወስደው ከአሠሪው ጋር በጽሑፍ መስማማት ባዶ የሚሆነውን ጊዜ ያሳጥርለታል።

ጉዳቱ በሥራ ምክንያት የደረሰ ከሆነ

በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፈለው ገንዘብ ከሕመም ፈቃድ ክፍያ የተሻለና ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ ነው። ሕጉ አደጋን ብቻ ሳይሆን ከሥራው ጠባይ የሚመጣ በሽታንም ያካትታል። ሠራተኛው ድርጅቱ በመደበው የሠራተኞች ማመላለሻ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ከሥራ ሲመለስ የሚደርስበት አደጋም በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል።

አሠሪው የሕክምናውን፣ የመድኃኒቱንና የሚያስፈልገውን የሰው ሠራሽ አካል ወጪ ይሸፍናል። በተጨማሪም ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ ከ1 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ፣ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪዎቹ 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፍላል። በምሳሌው ላይ ለተጠቀሰው ባለ 10,000 ብር ደመወዝ ሠራተኛ ይህ በ6 ወር 52,500 ብር፣ በዓመት ደግሞ 82,500 ብር ይሆናል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለአንድ ቤተሰብ ከፍተኛ ነው። በመሆኑም ጉዳቱ ከሥራው ጋር ግንኙነት ካለው በመጀመሪያው የሕክምና ማስረጃ ላይ እንዲገለጽ፣ የአደጋው ሪፖርት በወቅቱ እንዲሞላና የምስክሮች ስም እንዲመዘገብ ማድረግ ያስፈልጋል። የተከለከለ ወይም የዘገየ ክፍያ ቢኖር ሠራተኛው ለአካባቢው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማመልከት፣ አስፈላጊ ሲሆንም ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የደመወዝ ክፍያ ጥያቄ ክፍያው መፈጸም ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በ6 ወራት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ስለሚታገድ፣ «እስክድን ልጠብቅ» ማለት መብትን ሊያሳጣ ይችላል።

ወደ ሥራ መመለስ ካልተቻለ

ለሥራው የሚያስፈልገውን የጤና ሁኔታ አላሟላም ተብሎ ከሥራ የሚሰናበት ሠራተኛ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ከሆነ የጤና ጉድለት ጡረታ አበል በሕይወቱ እስካለ ድረስ ይከፈለዋል። ይህ በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 እና በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 የተደነገገ ነው። ለሲቪል ሠራተኛ አበሉ የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ተነሥቶ፣ ከ10 ዓመት በላይ ለተሰጠ ለእያንዳንዱ ዓመት አገልግሎት 1.25 በመቶ እየተጨመረ ሲሆን፣ ከ70 በመቶ አይበልጥም። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነና 18 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 40 በመቶውን፣ ማለትም በወር 4,000 ብር ያገኛል። አገልግሎቱ ከ10 ዓመት በታች የሆነ ሠራተኛ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ያገኛል። በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት የመሥራት ችሎታውን ለዘለቄታው ያጣ ሠራተኛ የሚስተናገደው ለብቻው በተደነገገው የጉዳት ጡረታ አበል ነው።

ማመልከቻው ለመንግሥት ሠራተኞች ወይም ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይቀርባል። ማስረጃ አሰባስቦ ውሳኔ እስኪገኝ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ሐኪሙ ወደ ሥራ መመለስ አጠራጣሪ መሆኑን ሲገልጽ የአገልግሎት ዘመን ማስረጃን ማጣራት መጀመር ተገቢ ነው። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ሰው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አቤቱታውን ሊያቀርብ ይችላል።

ዳረጎት ያገኘ ቤተሰብ ገንዘቡን እንደ ደመወዝ ምትክ ቢመለከተው ይመከራል። በአንድ ጊዜ የገባ ገንዘብ በርካታ ጥያቄዎችን ስለሚያስከትል፣ ቢያንስ የ6 ወር የኪራይና የመድኃኒት ወጪ በተለየ የቁጠባ ሒሳብ ከተቀመጠ በኋላ ስለ ቀሪው መወሰን የተሻለ ነው።

የክፍያዎች ቅደም ተከተል

ገቢው ሁሉንም ክፍያ የማይሸፍን ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚከፈለው ባለ ጉዳዩ አብዝቶ የጠየቀበት ሳይሆን ቢቀር የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው ነው። በዚህ መሠረት ምግብና ሳይቋረጥ የሚወሰድ መድኃኒት፣ የመኖሪያ ቤት፣ መብራትና ውሃ፣ እንዲሁም የሕክምና ቀጠሮ ትራንስፖርት ይቀድማሉ። የስልክ ጥቅል፣ የቴሌቪዥን ደንበኝነት፣ የዱቤ ዕቃና ሊዘገይ የሚችል የግል ብድር ይከተላሉ። ቅደም ተከተሉን የቤተሰቡ አባላት በጋራ ቢያውቁት፣ ታማሚው በተኛበት ጊዜም ክፍያው ሳይዛባ ይቀጥላል።

የመኖሪያ ቤት

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት ማነስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። አከራዩ በፈለገ ጊዜ ኪራይ መጨመር አይፈቀድለትም። ውሉን ያስመዘገበ ታማሚ ባልታሰበ ጭማሪ ከቤቱ እንዳይወጣ ጥበቃ አለው፤ ኪራዩን ካልከፈለ ግን ውሉ ሊቋረጥበት ስለሚችል፣ መክፈያው ቀን ከማለፉ በፊት አከራዩን ማነጋገርና የተደረሰበትን ስምምነት በጽሑፍ መያዝ ይኖርበታል። የጋራ መኖሪያ ቤት የባንክ ብድር ያለበት ሰውም ውዝፍ ከመከማቸቱ በፊት የሕክምና ማስረጃውን ይዞ ወደ ቅርንጫፉ በመሄድ የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘምለት መጠየቅ ይችላል። ጥያቄውን የመቀበል ውሳኔ የባንኩ ቢሆንም፣ ከውዝፉ በፊት የቀረበ ጥያቄ የተሻለ አቀባበል ያገኛል።

መብራትና ውሃ

የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ የሚል ሲሆን፣ ዝቅተኛው ዋጋ የተመደበው በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ላለው ፍጆታ ነው። ከቤት ዕቃዎች መካከል ብዙ ኃይል የሚወስደው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ1 ሰዓት 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ሰዓት ተኩል የሚጋገርበት ከሆነ በአራት ሳምንት 42 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። እንጀራውን በአንድ ቀን አጠቃሎ መጋገር ምጣዱን ዳግመኛ ለማሞቅ የሚባክነውን ኃይል ያድናል። በቀን 5 ሰዓት የሚበራ ባለ 60 ዋት አምፖል በ30 ቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት ሲወስድ፣ ባለ 9 ዋት ኃይል ቆጣቢ አምፖል የሚወስደው 1.35 ብቻ ነው።

የድኅረ ክፍያ ደንበኞች በሂሳባቸው ላይ የተጻፈውን ንባብ ከቆጣሪው ጋር ቢያስተያዩ፣ ልዩነት ሲያገኙም ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 የጥሪ ማዕከል ወይም በአቅራቢያቸው ባለው የአገልግሎት ማዕከል ቢያሳውቁ ይመከራል። ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ መፈጸም ስለሚቻል ታማሚው ለመሰለፍ አይገደድም። በውሃ በኩል ቧንቧዎች ሁሉ ተዘግተው ቆጣሪው የሚዞር ከሆነ የተደበቀ ፍሳሽ መኖሩን ያመለክታል፤ በቶሎ ማስጠገን ክፍያው እንዳይከማች ያደርጋል።

የሕክምና ወጪ

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ ዓመታዊ መዋጮውን በማደስ በውል በተያዙ የጤና ተቋማት ይታከማል። ገቢው የቀነሰ ቤተሰብ መዋጮውን ለመቆጠብ ሲል አባልነቱን ቢያቋርጥ በአንድ ሕክምና የበለጠ ሊያወጣ ይችላል። መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በአካባቢያቸው አስተዳደር ተለይተው መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንበት አሠራር ስላለ፣ ልየታው ከመካሄዱ በፊት ለቀበሌው ወይም ለወረዳው ማመልከት ይገባል። በመንግሥት ጤና ተቋማት የሳንባ ነቀርሳና የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ያለ ክፍያ ይሰጣል።

እድር፣ እቁብና ብድር

እድር በሐዘን ብቻ የሚታሰብ ቢሆንም በመተዳደሪያ ደንባቸው ለረዥም ጊዜ ለታመመ አባል ድጋፍ የሚሰጡ አሉ፤ ደንቡን መጠየቅ ነውር አይደለም። እቁብ የሚጥል ሰው ችግሩን ለዳኛው ቀድሞ ቢያሳውቅ፣ አባላቱ ከተስማሙ እጣው ቀደም ብሎ ሊሰጠው ወይም ሌላ ሰው ሊተካው ይችላል። ብድር የግድ ከሆነ ከቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር መበደር ይመረጣል። አራጣ በወንጀል ሕግ የተከለከለ ነው፤ የታማሚን ቤተሰብ ፈጥኖ የሚያራቁተውም እሱ ነው። የጡረታ አበል በሕግ ከተዘረዘሩ ሁኔታዎች በቀር ለዕዳ ሊከበር ወይም ለሌላ ሰው ሊተላለፍ ስለማይችል፣ የጡረታ ደብተርን ወይም የባንክ ካርድን በመያዣነት መስጠት አይገባም።

ደመወዝም ጡረታም ለሌላቸው

በቀን ሥራና በጥቃቅን ንግድ የሚተዳደሩ ሰዎች ከላይ የተጠቀሱት ክፍያዎች አይደርሷቸውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ይደነግጋል። በገጠር ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምና በተመረጡ ከተሞች በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት መሥራት ለማይችሉ ድሆች የቀጥታ ድጋፍ ክፍል አላቸው። ተጠቃሚዎች የሚለዩት በማኅበረሰቡ ተሳትፎ በመሆኑ፣ ቤቱ የተኛ ሰው እንዳይዘነጋ ጎረቤት ወይም ዘመድ ለቀበሌው ማሳወቅ ይችላል።

በአንድ ላይ መያዝ ያለባቸው ሰነዶች

- የሕክምና ማስረጃዎችና የቀጠሮ ካርድ፤
- የሥራ ውል፣ የደመወዝ ማስረጃና የጡረታ መለያ ቁጥር፤
- በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የአደጋ ሪፖርት ቅጂ፤
- የተመዘገበ የኪራይ ወይም የብድር ውል፤
- የመጨረሻዎቹ ወራት የመብራትና የውሃ ደረሰኞች፤
- የጤና መድን የአባልነት ካርድና መታወቂያ።

ታማሚው ራሱ መንቀሳቀስ ካልቻለ ሕጋዊ ውክልና የሰጠው ሰው ጉዳዩን ሊከታተልለት ይችላል። ውክልናው በሙሉ ደመወዙ ወር፣ ታማሚው መፈረምና ማስረዳት በሚችልበት ጊዜ ቢሰጥ፣ ክፍያ በሚቋረጥባቸው ወራት ማመልከቻዎቹ ያለ እንግልት ይቀርባሉ።