ጥለት፣ ቅድና ኮምፒዩተር

ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ በዓባያ ሐይቅ አጠገብ ባለው የጫኖ ቆላ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ቀና ለሚል ሰው የጋሞ ደጋ ይታየዋል። ከዚያ ደጋ የወጡ ሸማኔዎች፣ በተለይም የዶርዜ ተወላጆች፣ ወደ አዲስ አበባ ዘልቀው በእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳ ሙያቸውን አስፋፍተዋል።

የሙያው ትምህርት የሚሰጠው በቤት ውስጥ ነው። እናት ትፈትላለች፤ አባት ይሸምናል፤ ልጅም ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ድር መቁጠር ይለምዳል። ባለቀለሙ ማግ በየትኛው ድር ሥር እንደሚያልፍ የሚወስነው ቁጥር ነው።

ይህ ዓይነቱ ቁጥር በኮምፒዩተር ታሪክም ውስጥ ስፍራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1804 ፈረንሳዊው ጆሴፍ ማሪ ዣካር ባለቀዳዳ ካርዶች ድሩን እየመረጡ የሚያስነሡበትን የሽመና መሣሪያ ሠራ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅም በ1830ዎቹ ላቀደው የስሌት መኪና እነዚህኑ ካርዶች መረጠ።

የልብስ ቅድ ወደ ኮምፒዩተር የገባው ግን ዘግይቶ ነው። በአሜሪካ የጆሴፍ ገርበር ድርጅት በ1960ዎቹ ማብቂያ ጨርቅን በራሱ የሚቆርጥ መሣሪያ አወጣ፤ በፈረንሳይም በ1973 ሌክትራ ተቋቋመ። ዛሬ ተማሪው ቅዱን በኮምፒዩተር ሶፍትዌር ይነድፋል፤ ከአንድ ልክ ሌሎቹን ያወጣል፤ ጨርቅ እንዳይባክንም ቁራጮቹን አቀራርቦ ይደረድራል።

በኢትዮጵያ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት የጨርቃ ጨርቅ ባለሙያዎችን ሲያፈራ ኖሯል፤ ይኸው ተግባር ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቀጥሏል።

ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የተነገረውን ብቻ ነው። ሸማ በጠባቡ ተሸምኖ እየተጋጠመ የሚለበስ ነው፤ ጥለቱም በጫፉ ላይ ነው። የጥለቱ ስፍራና የድሩ አቅጣጫ አስቀድሞ ካልተመለከተ፣ ጨርቅ ለመቆጠብ ሲባል ቁራጩ ይዞርና ጥለቱ ከቀሚሱ ዘርፍ ይልቅ ከብብት ሥር ይውላል። ጨርቁ ይተርፋል፤ የሸማኔው ድካም ግን ይጠፋል።

ስለዚህ የሸማኔ ልጅ በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ እንደ ጀማሪ ሊታይ አይገባውም። መምህሩ ማስተማሩን ከሸማው ቢጀምር፣ ያ ልጅ ለጓደኞቹ የሚያስረዳው ብዙ ነገር ይኖረዋል።