ቅዳሜ ለስላሳ፣ ሰኞ ጠንካራ

የጥይት ቀለህ ከናስ ይሠራል፤ ናስ ደግሞ ይከብዳል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ የፕሩሲያ ጦር ቀለል ያለ ምትክ ፈለገ። ሥራው በርሊን አጠገብ በኖይባቤልስበርግ ለሚገኝ ቤተ ሙከራ፣ በዚያም ለብረታ ብረት ተመራማሪው ለአልፍሬድ ቪልም ደረሰ።

አንጥረኛ የጋለ ቢላዋ ውኃ ውስጥ ሲነክር ብረቱ ወዲያው ይጠነክራል። ቪልምም 4 በመቶ ገደማ መዳብና ጥቂት ማግኒዚየም የተቀላቀለበትን አሉሚኒየም 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አግሎ በውኃ አቀዘቀዘው። አሉሚኒየሙ ግን ለስላሳ ሆኖ ቀረ። እንደሚተረከው፣ እ.ኤ.አ. በ1906 አንድ ቅዳሜ የተጀመረው ልኬት ሳያልቅ ለሰኞ አደረ። ሰኞ ያው ቁራጭ ሲለካ እጅግ ጠንክሮ ተገኘ፤ በመሀሉ የነካው ሰው አልነበረም።

ግኝቱ በዲውረን ከተማ ፋብሪካ ዱራሉሚን ተብሎ ለገበያ ወጣ። የዜፕሊን አየር መርከቦች አጽም፣ በ1919ም ዩንከርስ ኤፍ 13 የተባለው የመንገደኞች አውሮፕላን ተሠሩበት። የመጠንከሩ ምክንያት ግን ገና አልታወቀም ነበር።

በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ፖል ሜሪካና ባልደረቦቹ ማብራሪያ አቀረቡ። መዳብ በጋለ አሉሚኒየም ውስጥ ስኳር በትኩስ ሻይ እንደሚሟሟ ይሟሟል። አሉሚኒየሙ ውኃ ውስጥ በድንገት ሲገባ መዳቡ ለመለየት ጊዜ ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን የመዳብ አተሞች ቀስ በቀስ እየተሰባሰቡ ደቃቅ ዝቃጮች ይሆናሉ። ብረታ ብረት የሚታጠፈው የአተም ድርድሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተቱ ነው፤ ዝቃጮቹ ይህን መንገድ ይዘጋሉ። በ1938 ፈረንሳዊው አንድሬ ጊኒዬና ብሪታኒያዊው ጆርጅ ፕሬስተን በየግላቸው የአተሞቹን ክምችት በኤክስሬይ አረጋገጡ።

ፋብሪካዎችም ዕውቀቱን ተጠቀሙበት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፕላን ቆርቆሮዎችን የሚያያይዙ ሪቬቶች ግለው በውኃ ከቀዘቀዙ በኋላ በማቀዝቀዣ ይቀመጡ ነበር። ብርድ አተሞቹን ስለሚያዘገይ ሪቬቱ እስኪመታ ድረስ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ሙቀት ደግሞ መጠንከሩን ያፋጥናል፤ ከበዛ ግን ዝቃጮቹ ይተልቁና ይራራቃሉ፣ አሉሚኒየሙም ይላላል።

ከሁሉ የሚገርመው በ1994 የታተመ ጥናት ነው። የራይት ወንድማማቾች በ1903 ያበረሩት አውሮፕላን ሞተር ቀፎ 8 በመቶ ገደማ መዳብ የያዘ የአሉሚኒየም ቀረጻ ነበር። ጥናቱ እንዳሳየው፣ ቀፎው ገና ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ሲቀዘቅዝ እነዚያን ዝቃጮች አፍርቶ ጠንክሮ ነበር፤ ሠሪዎቹ ግን አላወቁም። የቪልም ውለታ በአጋጣሚ ይገኝ የነበረውን ጥንካሬ በፈለጉት ጊዜ የሚደገም ሙያ ማድረጉ ነው።