የልደታ አውሮፕላኖችና የብረት ገመዳቸው

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ መነሻው የልደታ ሜዳ ነበር። ድርጅቱ ከተቋቋመ ገና አራት ወር አልሞላውም፤ ሀብቱም ከአሜሪካ መንግሥት የጦርነት ትርፍ ንብረት የተገኙ አምስት ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበሩ። ስለነዚህ አውሮፕላኖችና ስለ አብራሪዎቻቸው ብዙ ተጽፏል። በወለላቸው ሥር ተሰውሮ የአብራሪውን እጅ ከአውሮፕላኑ ጅራት ጋር ስለሚያገናኘው ቀጭን የብረት ገመድ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

በሲ-47 ላይ የአብራሪውን ጉልበት የሚያግዝ የዘይት ግፊት በመሪው መሥመር ላይ የለም። አብራሪው መሪውን ሲስብ ወይም ፔዳሉን ሲረግጥ ገመዱ በፑሊዎች ላይ እየዞረ በክንፎቹና በጅራቱ ላይ ያሉትን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ይጎትታል። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን አዛዥ ሆነው በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ሲበሩ፣ ተሳፋሪውና አውሮፕላኑ የተማመኑት በእርሳቸው ችሎታና በዚህ ገመድ ነበር ማለት ይቻላል።

ገመዱ የተወለደው በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ነው። በጀርመን አገር በሐርዝ ተራሮች የማዕድን ሹም የነበሩት ቪልሄልም አልበርት፣ የማውጫ ሰንሰለቶች ድንገት እየተበጠሱ ስላስቸገሯቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1829 ሰንሰለትን ደጋግመው በመጫን መርምረው ነበር። ሰንሰለት አንዲት ቀለበቱ ከተሰበረች ሁሉም ያበቃለታል። ስለዚህ በ1834 አራት አራት ሽቦ ያላቸውን ሦስት ፈትሎች በአንድነት ገምደው በክላውስታል ከተማ ሥራ ላይ አዋሉ። የአልበርት ገመድ ሽቦውም ፈትሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የከረረ ነበር። ይህ አሠራር መፋተግን በደንብ ይቋቋማል፤ ነገር ግን ሸክም ሲንጠለጠልበት ጫፉ በጽኑ ካልታሰረ መተርተር ይጀምራል።

መድኃኒቱን ቃጫ የገመደ እረኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፈትሉን ወደ አንድ ወገን ያከርራል፣ ፈትልን ከፈትል ሲያጣምር ግን ወደ ሌላው ወገን ይገምዳል። አንዱ ሊፈታ ሲል ሌላውን ያጠብቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ስለ ክሩ አቅጣጫ አንዳች አለማንሣቱ ያስገርማል።

ለዋና መሪዎች የሚያገለግለው የአውሮፕላን ገመድ ሰባት ፈትሎች አሉት። እያንዳንዱ ፈትል 19 ሽቦዎችን ስለሚይዝ በጠቅላላው 133 ሽቦ ይሆናል። የመካከለኛው ፈትል ሽቦዎች ወደ ቀኝ፣ የስድስቱ ውጫዊ ፈትሎች ሽቦዎች ደግሞ ወደ ግራ የከረሩ ናቸው፤ ፈትሎቹም በመካከለኛው ላይ ተመልሰው ወደ ቀኝ ይገመዳሉ። ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር ብቻ የሆነው የዚህ ገመድ ዓይነት እስከ 900 ኪሎግራም የሚደርስ ሸክም ይችላል። ሽቦዎቹ ቀጫጭን በመሆናቸው በፑሊ ላይ ሺህ ጊዜ ቢታጠፉም ቶሎ አይደክሙም። አንዱ ቢበጠስ እንኳ በክሩ ጥብቀት ምክንያት በጎረቤቶቹ ተጨብጦ ጥቂት ርቆ ሸክሙን መልሶ ይካፈላል። ሰንሰለት የማይሰጠውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ የሚሰጠው ይህ ነው።

የክሩ አቅጣጫ በገመዱ ማጥበቂያ ላይም ይታሰባል። የማጥበቂያው በርሜል በአንድ ጫፉ የቀኝ፣ በሌላው የግራ ጥርስ አለው። መካኒኩ በርሜሉን ሲያዞር ሁለቱ ጫፎች ይቀራረባሉ እንጂ ገመዱ አይዞርም፤ ቢዞርማ ኖሮ ክሩ ይላላ ነበር። ከዚያም በርሜሉ ራሱን እንዳይፈታ በሽቦ ይታሰራል።

ውጥረቱን መለካት በራሱ ሙያ ነው። የአውሮፕላኑ አካል የተሠራበት አሉሚኒየም በሙቀት የሚለጠጠው ከብረት እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ በልደታ ቀዝቃዛ ማለዳ ልክ የነበረ ገመድ በካይሮ ሐሩር ይወጠራል፤ በከፍታ ብርድ ደግሞ ይላላል። ስለሆነም መካኒኩ ውጥረት መለኪያውን ከመግጠሙ በፊት የዕለቱን ሙቀት አይቶ ሰንጠረዡን ይመለከታል።

የልደታ ሜዳ ጄት ማስተናገድ ስላልቻለ አየር መንገዱ ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ጄቶች ሥራ ጀመሩ። በልደታ አካባቢ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ የሚለው የሠፈር ስም ቀርቷል። ገመዱ ግን አብሮ ወደ ቦሌ ሄደ። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2012 የተረከበው ቦይንግ 787 የአብራሪውን ትእዛዝ በኤሌክትሪክ ሽቦ ሲያስተላልፍ፣ በቦይንግ 737 ላይ ግን የብረት ገመዱ ዛሬም ከመሪው ይነሣል። የምርመራውም ዘዴ አልተለወጠም። መካኒኩ በባዶ ጣቱ ሳይነካ ጨርቅ ይዞ በገመዱ ላይ ያንሸራትታል፤ በተለይም ገመዱ በፑሊ ላይ በሚያልፍበት ቦታ ጨርቁ ከተያዘ፣ እዚያ የተበጠሰ ሽቦ አለ።