ዘውድ፣ ጎፈር እና ምራቂ

“ዘውድ ወይስ ጎፈር?” የሚለውን ጥያቄ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ቢኖር ይገርማል። ሜዳ ሲመረጥ፣ ክርክር ሲቆረጥ፣ ሳንቲም ለሳንቲም ሲቋመሩም ሳንቲሙ ወደ ላይ ይወረወራል። ዘውዱ የንጉሡ፣ ጎፈሩ የአንበሳው ነው። ንጉሡ ከሳንቲማችን ላይ ከወረዱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሆን ነው፤ ጨዋታው ግን ስሙን አልቀየረም።

የዚህ ሳንቲም ታሪክ ከእንጦጦ ብዙም አይርቅም። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መልካቸውና አንበሳቸው ያለበት፣ 1887 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ብር ፓሪስ ተሠርቶ መጣ። ገበያተኛው ግን እጁን ዘርግቶ አልተቀበለውም። ማርትሬዛን እንኳ የእቴጌይቱን ጌጥ አንድ በአንድ ተመልክቶ ነበር የሚቀበለው። የአያቶቻችን የገንዘብ ጥንቃቄ እንዲህ ነበር፤ ሳያገላብጡ አይወስዱም፣ ሳይቆጥሩም አይሰጡም።

ምኒልክ ብራቸውን ባሠሩበት በዚያው ዘመን፣ አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ቻርልስ ፌይ የሚባል ከጀርመን የሄደ መካኒክ አንድ ማሽን ሠራ። ሳንቲም ይጎርሳል፣ እጀታው ሲሳብ ምስል ያለባቸው ሦስት ጎማዎች ይሽከረከራሉ፣ ሦስት ደወል ከተሰለፈ ሳንቲም ይተፋል። ትልቁ ሽልማት 50 ሳንቲም ነበር። ዛሬ “ስሎት” የሚባለው፣ በስልክ መስታወት ላይ የሚሽከረከረው ጨዋታ የዚያ ማሽን የልጅ ልጅ ነው። በዘውድና ጎፈር ተጋጣሚህ ሰው ነው፤ ይደክመዋል፣ ይርበዋል፣ እናቱ ትጠራዋለች። ማሽን ግን እናት የላትም።

እኛ ዕጣን ከዚህ ማሽን አልተማርንም። ዕቁባችን አለ። ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው። ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይነካም። መዋጮው የታወቀ ነው፣ ቀኑም የታወቀ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ዛሬ ባይወጣልህ ነገ ይወጣልሃል፤ ዕጣው የሚወስነው ተራህን እንጂ ድርሻህን አይደለም። ሃያ ሰው ያዋጣው ገንዘብ ለሃያ ሰው ይመለሳል።

በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ሎተሪ ሲቋቋም ሌላ ዓይነት ዕጣ መጣ። እዚህ ላይ ሂሳቡ ይለያል። ከተሸጠው ትኬት ከፊሉ ለሽልማት፣ ከፊሉ ለአዟሪና ለሥራ ማስኬጃ፣ ከፊሉ ለመንግሥት ይሄዳል። ስለዚህ ገዢዎች ሁሉ ተደምረው ሲታዩ ከከፈሉት ያነሰ ነው የሚያገኙት። ቢሆንም ሎተሪም ልጓም ነበረው። ትኬቱ ዋጋ አለው፣ ዕጣው የሚወጣበት ቀን ተጽፎበታል። የገዛ ሰው ትኬቱን መሶብ ሥር አስቀምጦ ወደ ሥራው ይሄዳል። ከዕጣ እስከ ዕጣ ባለው ጊዜ ውስጥ ሰው ልቡን ይገዛል።

ስልኩ የወሰደብን ይህንን ልጓም ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብና መጫወቻ አንድ ኪስ፣ አንድ መስታወት ውስጥ ገቡ። ከመገናኛ ኮተቤ ታክሲ የተሳፈረ ወጣት ሳይወርድ ደመወዙን ተቀብሎ፣ አስይዞ፣ ተበልቶ ሊጨርስ ይችላል። ቀን የለም፣ ልክ የለም፣ ዋስ የለም። ውርርድ ቤት ቢታሸግ ስልክ አይታሸግም።

ሂሳቡን እንመልከተው። ማሽኑ ከተወራረደው 100 ብር በአማካይ 96ቱን ይመልሳል እንበል። ለጋስ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ዙር 5 ብር እያስያዘ በደቂቃ አሥር ጊዜ የሚያሽከረክር ሰው በሰዓት 3,000 ብር ያስይዛል። ከመቶ አራት ሲታሰብ በአማካይ 120 ብር ሄደ ማለት ነው። ኪሱ ውስጥ የነበረው 300 ብር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያው ብር እየተመላለሰ፣ በየዙሩ እየተላጨ ነው 3,000 የሞላው። አንዱ ዕድል ቀንቶት በልቶ ሊወጣ ይችላል፤ ሌላው በሩብ ሰዓት ባዶውን ይቀራል። አማካዩ ግን ሁልጊዜ ለባለቤቱ ነው።

“ቦነስስ?” ይሉ ይሆናል። ቦነስ በእኛ ቋንቋ ጥሩ ስም ነበረው፤ ምራቂ። ሾላ ገበያ ሽንኩርት ስትገዙ ሻጭዋ ሚዛኑ ከሞላ በኋላ ሁለት ፍሬ ጣል ታደርግላችኋለች። ያ ምራቂ የእናንተ ነው፤ ዘንቢላችሁ ውስጥ ገብቶ ወጥ ይሆናል። አሁን ሻጭዋ “ምራቂውን ወደ ቤት የምትወስዱት ከእኔ ዘንድ ሠላሳ ጊዜ ደጋግማችሁ ስትገዙ ነው፤ ያውም በሰባት ቀን ውስጥ” ብትላችሁ ምን ትሏታላችሁ? ዘንቢላችሁን አንስታችሁ ወደ ጎረቤቷ ትሄዳላችሁ።

የኢንተርኔቱ ምራቂ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። 100 ብር ቦነስ ተሰጠህ፤ ወጪ ለማድረግ ሠላሳ እጥፉን ማስያዝ አለብህ ይላል በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ውል። ሠላሳ እጥፉ 3,000 ብር ነው። ከላይ እንዳሰላነው 3,000 ብር ማስያዝ በአማካይ 120 ብር ያስከፍላል። 100 ብር ለማግኘት 120 ብር! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ስለዚህ ቦነስ የሚመዘነው በብሩ ብዛት አይደለም። ስንት እጥፍ አስይዝ ይላል? በስንት ቀን? በአንድ ዙር ከስንት ብር በላይ ይከለክላል? የራሴንስ ገንዘብ አብሮ ያስርብኛል? ለእነዚህ ግልጽ መልስ ያልሰጠ ምራቂ አለመቀበል ነው የሚሻለው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አለመጫወት ከሁሉ ይበልጣል። እጫወታለሁ የሚል ሰው ግን ስልኩ የነጠቀውን ልጓም በገዛ እጁ ይመልስ። መጀመሪያ ልክ፤ ከቤት ኪራይ፣ ከአስቤዛና ከዕቁብ መዋጮ የተረፈ፣ ቢጠፋ እንደ ሲኒማ መግቢያ የማይቆጭ ገንዘብ ብቻ። በብድር ፈጽሞ አይሆንም። ሁለተኛ ቀን፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሰዓት ተይዞ። ሦስተኛ ዋስ፤ ስንት እንዳስያዝክና ስንት እንደተበላህ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ሚስት ወይም ወንድም። ለማንም መናገር ያሳፈረህ ቀን ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ አብቅቷል፤ ያኔ የሚያስፈልገው የባሰ ሂሳብ ሳይሆን ማቆምና እርዳታ መጠየቅ ነው።

“የተበላሁትን ልመልስ” የምትለዋ ቃል ደግሞ ብዙ ቤት አፍርሳለች። ሳንቲሙ አምስት ጊዜ ዘውድ ስለወጣ ስድስተኛው ጎፈር የመሆን ግዴታ የለበትም። ሳንቲም ትዝታ የለውም፤ ማሽኑም እንዲሁ። የቅድሙን የሚያስታውሰው ተጫዋቹ ብቻ ነው፤ የሚያከስረውም ይኸው ትዝታው ነው።

ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶችን የአዲስ አበባ ሰው ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲያያቸው ኖሯል። ተራራው በ2013 ዓ.ም. ፓርክ ተከፍቶለት ሽርሽር ቢወጣበትም፣ የዚያ ሸክም ዋጋ ከሚያውቀው ሰው ልብ አይጠፋም። ከእነዚህ እናቶች አንዷ የምትሸጠው ሸክም ስንት ሰዓት ዳገትና ቁልቁለት እንዳለበት ታውቃለች። የስልኩ ጨዋታ ትልቁ ተንኮል ብርን ወደ ቁጥር ለውጦ ይህንን ማስረሳቱ ነው። ጣት ከማሽከርከሪያው ላይ ከማረፉ በፊት “ይህቺ ብር ስንት ሰዓት ሥራ ናት?” ብሎ መጠየቅ ነው እንግዲህ፤ አያቶቻችን ማርትሬዛን ያገላብጡ እንደነበረው።