ነጭ እህል ያመጣው በሽታ

ሰው ልብስ ሲገዛ የጨርቁን ጥንካሬ ይመረምራል፤ ቤት ሲከራይም ጣራው እንዳያፈስ ቀና ብሎ ያያል። ወደ ሆዱ ስለሚያስገባው ምግብ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ይጣፍጣል ወይ? በሰው ፊትስ ያስከብራል ወይ? ከሁለቱ ጥያቄዎች ይልቁንም ሁለተኛው ብዙ ሰው ጎድቷል። ለዚህ ምስክር የሚሆነኝን ታሪክ ከሩቅ አገር፣ ከጃፓንና ከጃቫ አምጥቼ ለወጣት አንባቢዎቼ ልተርክ አስቤአለሁ። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት፣ ድኻ በግድ የሚበላው ርካሽ እህል ሰውን ሲያድን፣ ሁሉም የሚመኘው ነጭ እህል ደግሞ ሰውን ሲገድል በግልጥ የታየበት ታሪክ ስለ ሆነ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሩዝ ፍሬ ገለባው ከተለየ በኋላ ቡናማ የሆነ ስስ ቆዳ ይቀርበታል። ይህ ቆዳ ሲፈተግ ፍሬው ነጭ ይሆናል፤ ሲበስል ይለሰልሳል፤ ቢቀመጥም ቶሎ አይበላሽም። ስለዚህ በጥንቷ ጃፓን ነጩ ሩዝ የመኳንንትና የከተማ ሰው ምግብ ሲሆን፣ ገበሬው ግን ያልተፈተገውን ወይም ከገብስ ጋር የተቀላቀለውን ይበላ ነበር። ዛሬ ቶኪዮ በምትባለው በኤዶ ከተማ ይኖሩ የነበሩ ባላባቶችና ወታደሮቻቸው እግራቸው ይደነዝዝና ያብጥ ነበር፤ ልባቸውም ይደክምና ብዙዎቹ በድንገት ይሞቱ ነበር። ወደ ገጠር የተመለሰው ግን ይሻለው ነበርና ሕዝቡ በሽታውን «የኤዶ ሕመም» ብሎ ጠራው። በሌላው ዓለም የታወቀው ቤሪቤሪ በሚል ስም ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በእንፋሎት የሚሠራው የሩዝ መፈተጊያ በእስያ ሲስፋፋ፣ ነጩ ሩዝ ወደ ድኻውም ቤት ገባ፤ በሽታውም ሩዙን ተከትሎ ገባ።

በዚያ ዘመን ታካኪ ካኔሂሮ የሚባል የጃፓን ባሕር ኃይል ሐኪም ነበረ። ለንደን ተምሮ በ1880 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከበኞቹ በቤሪቤሪ ሲያልቁ አገኛቸው። ታካኪ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር ማን እንደሚታመምና ማን እንደማይታመም መቁጠር ነበር። ሥጋና አትክልት ለውጠው የሚበሉት መኰንኖች እምብዛም አይታመሙም፤ የሚታመመው ተራው መርከበኛ ነው። ለመርከበኛው ሩዝ ይሰጠዋል፤ ለወጥ የሚሆነውንም ገንዘብ ይቀበላል፤ እርሱ ግን ብዙ ጊዜ ገንዘቡን አስቀምጦ ሩዙን ብቻ ይበላ ነበር። አንባቢዎቼ ይህን ልብ ይበሉ። ሰውዬው ቆጣቢ እንጂ ሰነፍ አልነበረም፤ የቆጠበው ግን ከገዛ ደሙ ላይ ነበር።

በ1882 መጨረሻ ሪዩጆ የምትባል የመለማመጃ መርከብ 376 ሰዎች ይዛ ወደ ኒው ዚላንድና ወደ ደቡብ አሜሪካ ተጓዘች። ከእነዚህ 169ኙ በቤሪቤሪ ታመሙ፤ 25ቱ ሞቱ። በ1884 ታካኪ መንግሥቱን አስፈቅዶ ቱኩባ የምትባለውን ሌላ መርከብ በዚያው መንገድ አስላካት፤ ስንቋን ግን ለወጠው፤ ሥጋ፣ ዳቦ፣ ወተትና አትክልት ጨመረበት። የታመሙት ከሃያ ያነሱ ነበሩ፤ የሞተ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባሕር ኃይሉ ከሩዙ ጋር ገብስ ቀላቅሎ ማብላት ጀመረ፤ በሽታውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመርከቦቹ ጠፋ ማለት ይቻላል። ታካኪ በኋላ የባሮንነት ማዕረግ ሲያገኝ፣ ሰው በቀልድ «የገብሱ ባሮን» ይለው ነበር። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ የሚያስከብር ስም አላውቅም።

የምድር ጦሩ ሐኪሞች ግን ይህን አይተው አላመኑም። በጀርመን ትምህርት የሠለጠኑ፣ በሽታ ሁሉ ከጀርም ይመጣል የሚሉ ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ በደራሲነቱ ጭምር ስመ ጥር የሆነው ሞሪ ሪንታሮ ነበር። ለወታደሩም ነጭ ሩዝ ክብሩ ነው፤ ከድኻ ገበሬ ቤት የመጣ ጎልማሳ ገብስ ስጡት ቢባል እንደ ስድብ ይቈጥረዋል። ከ1904 እስከ 1905 ከሩሲያ ጋር በተደረገው ጦርነት ሩብ ሚሊዮን ያህል የጃፓን ወታደሮች በቤሪቤሪ ታመሙ፤ 27 ሺህ ያህሉ ሞቱ። ሃያ ዓመት አስቀድሞ መድኃኒቱ በጎረቤት መርከብ ላይ ተገኝቶ ነበር። የተማረ ሰው ትዕቢት ካልተማረ ሰው ድንቁርና የበለጠ እንደሚገድል ከዚህ እንማራለን።

በዚያው ዘመን በጃቫ ደሴት ላይ፣ ክርስቲያን ኤይክማን የሚባል የሆላንድ ሐኪም በምርመራ ቤቱ ግቢ ያሉት ዶሮዎች አንገታቸውና እግራቸው ሲሰንፍ ተመለከተ። ምክንያቱ ሲጠና ከወታደሮች ሆስፒታል የተረፈ የበሰለ ነጭ ሩዝ ይመገቡ እንደ ነበር ታወቀ። አዲስ የመጣው ወጥ ቤት ግን የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አልሰጥም ብሎ ከለከለ፤ ያልተፈተገ ሩዝ ሲበሉ ዶሮዎቹ ዳኑ። ከዚህ በኋላ አዶልፍ ፎርደርማን የሚባል ተቈጣጣሪ በጃቫ ያሉትን 101 ወህኒ ቤቶች መረመረ። ያልተፈተገ ሩዝ ከሚበላባቸው 37 ወህኒ ቤቶች ቤሪቤሪ የተገኘው በአንዱ ብቻ ሲሆን፣ ነጭ ሩዝ ከሚበላባቸው 51 ግን በ36ቱ ተገኘ። እስረኛው የደረሰበት ቅጣት እንደ ፍርዱ ብቻ አልነበረም፤ እንደ ሩዙ ቀለም ጭምር ነበር።

ታካኪ የጎደለው ሥጋ የሚሰጠው ኃይል ነው ብሎ ያስብ ነበር፤ ኤይክማንም በመጀመሪያ በሩዙ ውስጥ መርዝ ያለ መስሎት ነበር። በ1901 ሄሪት ኽሪንስ የተባለው ተተኪው ችግሩ በቆዳው ውስጥ ያለ አንድ አስፈላጊ ነገር መጉደሉ መሆኑን ተናገረ። በ1912 ካዚሚር ፉንክ ለእንዲህ ያሉት ነገሮች ቪታሚን የሚለውን ስም አወጣላቸው፤ በ1926ም ያው የሩዝ ቆዳ መድኃኒት ተጣርቶ ወጣ። ዛሬ ቲያሚን ወይም ቪታሚን ቢ 1 ይባላል። ሥራው ሰውነት የበላውን እህል ወደ ኃይል እንዲለውጥ መርዳት ነው፤ ሲጎድል አስቀድመው የሚጎዱት ነርቭና ልብ ናቸው። ሰውነት ብዙ አያከማችምና የጥቂት ሳምንታት ጉድለት ይበቃል።

ይህ ታሪክ የሌላ አገር ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። በእኛ ዘንድ ጤፍ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ አይፈተግም፤ ከነቆዳው ይፈጫል፤ ይህ አባቶቻችንና እናቶቻችን የተዉልን ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን እኛም ለረጅም ዘመን ነጩን ማኛ ለእንግዳ፣ ቀዩን ለቤተ ሰብ እያልን ንጣትን ከክብር ጋር ስናያይዝ ኖረናል። ስንዴውንማ አበጥረንና አንጥረን ነጭ ዱቄት እናደርገዋለን፤ ፉርሽካው ለከብት ይሸጣል። ከብቱ ይጠነክራል፤ የልጁ ዳቦ ግን ያማረ ባዶ ነገር ሆኖ ይቀራል። «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይባላል፤ ስለ ምግብ ሲሆን ግን ዓይን ብቻውን ጥሩ ዳኛ አይደለም።

ነጭ ሩዝ ወይም ነጭ ዳቦ መርዝ ነው ማለቴ አይደለም። ጥራጥሬና አትክልት የታከለበት ማዕድ ላይ የቀረበ ነጭ እህል ማንንም አይገድልም፤ የሚጎዳው ብቻውን የዘወትር ምግብ ሲሆን ነው። በትንሽ ገንዘብ ለሚኖሩ ወጣቶች ምክሬ እንዲህ ነው። ሽሮውንና ምስሩን አትናቁ፤ የባቄላውን ንፍሮና የገብሱን ቆሎ በኪሳችሁ ለመያዝ አትፈሩ። ጎመን የተቀቀለበትን ውሃ አትድፉት፤ ቲያሚን በውሃ ይሟሟልና የደፋችሁት የምግቡን ፍሬ ነው፤ ይልቁንስ ወጡ ውስጥ ጨምሩት። ሩዝም ስታጥቡ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግማችሁ አትጠቡት። ይህን ሁሉ ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ጥቂት እውቀትና ከይሉኝታ ነፃ የሆነ ልብ ነው።

እነዚያ 27 ሺህ ወታደሮች የሞቱት እህል አጥተው አልነበረም፤ ሆዳቸው ሞልቶ ነበር። እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ከማዕድ ስትቀርቡ «ይህ ምግብ ያስከብረኛል ወይ?» ከማለት አስቀድማችሁ «ያኖረኛል ወይ?» በሉ።