ጠባቂ ያልተሾመለት ውል፤ ስኮትላንዶች በለንደን መንግሥት ላይ ስላላቸው ጥርጣሬ አመጣጥ

በታላቋ ብሪታኒያ ደሴት በስተ ሰሜን የሚኖረው የስኮትላንድ ሕዝብ ከእንግሊዝ ጋር በአንድ ዘውድ ሥር ከገባ ከአራት መቶ ዓመታት በላይ፣ በአንድ ምክር ቤት ሥር ከተዳደረ ደግሞ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ሆኖታል። ይህን ያህል ዘመን አብሮ የኖረ ሕዝብ ዛሬም የመለየትን ነገር የሚያነሣው ስለ ምንድን ነው? በለንደን የሚቀመጠውንስ መንግሥት እንደ ሩቅ ሰው የሚጠረጥረው ስለ ምን ይሆን? ጥያቄው የታሪክ ተማሪን ብቻ ሳይሆን የሕዝቦችን ልማድና ሥርዓት የሚመረምረውን ሁሉ የሚመለከት ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አንድ የተለመደ አስተያየት ማረም ይገባል። ብሔራዊ ስሜት ሲባል ሁልጊዜ በቋንቋና በዘር አንድነት ላይ የቆመ ይመስላል። በስኮትላንድ ግን የተራራው አገር ሰው ጌሊክ ሲናገር፣ የሜዳው አገር ሰው ለእንግሊዝኛ የቀረበውን ስኮትስ የተባለውን ቋንቋ ይናገር ነበር፤ ሁለቱም ወገኖች ለብዙ ዘመን ሲናናቁና ሲዋጉ ኖረዋል። አንድ ሕዝብ ነን ያሰኛቸው ይልቁንም ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም ቤተ ክርስቲያናቸው፣ የራሳቸው የሆነው ሕግና ፍርድ ቤት፣ እንዲሁም የየአጥቢያው ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ስኮትላንዳዊው በለንደን ላይ የሚያሰማው ክስ ከጥንት ጀምሮ የውል ክስ ሆኖ ይገኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ዘውዱ ከአገር በመራቁ ነው። በ1603 የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ ልጅ ሳትተካ በሞተች ጊዜ የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ ስድስተኛ ዙፋኑን ወርሶ ወደ ለንደን ወረደ። በየሦስት ዓመቱ እየተመለሰ አገሩን ሊጐበኝ ቃል ገብቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የተመለሰው በ1617 አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልጁ ቀዳማዊ ቻርልስ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ያልመከረችበትን የጸሎት መጽሐፍ በ1637 በትእዛዝ ባስገባ ጊዜ በኤዲንብራ ሁከት ተነሣ። በሚከተለውም ዓመት መኳንንቱ፣ ካህናቱና የከተማው ሕዝብ «ብሔራዊ ቃል ኪዳን» የተባለውን ጽሑፍ ፈረሙ። ይህ ስም ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ እንደገና ሲነሣ እናየዋለን።

በ1695 የተቋቋመው የስኮትላንድ ኩባንያ ከአገሬው ሰው 400,000 ፓውንድ ያህል መዋጮ አስፈርሞ በፓናማ ልሳነ ምድር፣ ዳርየን በተባለው ስፍራ ቅኝ አገር ለማቅናት ተነሣ። በ1698 መርከቦች ተላኩ፤ በ1700 ግን ሁሉም ነገር ፈርሶ ነበር። በሽታውና የእስፓኝ ጦር የፈጁት ሕዝብ በሺህ ይቈጠራል። የሁለቱም አገር ንጉሥ የነበረው ዊልያም የእንግሊዝ ቅኝ አገር ገዢዎች ለሰፋሪዎቹ እርዳታ እንዳይሰጡ በማዘዙ ሕዝቡ ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ ጫነ። እውነቱን ለመናገር እቅዱ ከጅምሩ ብልኃት የጐደለው ነበር። ሆኖም አንድ ንጉሥ የሁለት አገር ጌታ ሲሆን የማንኛውን ጥቅም እንደሚያስቀድም ስኮትላንዶች ያን ጊዜ ተረዱት።

ከዚህ ኪሣራ በኋላ የ1707 የአንድነት ውል መጣ። ሃያ አምስት አንቀጽ ያለው ይህ ውል የስኮትላንድን ምክር ቤት አስቀርቶ፣ ሕጓንና ፍርድ ቤቶቿን ግን እንደ ነበሩ ጠበቀ፤ የቤተ ክርስቲያኗም ሥርዓት በተለየ ሕግ ተረጋገጠ። ስኮትላንድ የእንግሊዝን ዕዳ ስለምትካፈል ማካካሻ እንዲሆን 398,085 ፓውንድ ከ10 ሺልንግ ተመደበ፤ ከዚህም ገንዘብ በዳርየን የከሠሩት ባለ አክሲዮኖች ተከፈሉ። ከዚህም ሌላ 20,000 ፓውንድ በስውር ለመኳንንቱ ታድሏል። ብሔራዊው ወገን አገራችን በወርቅ ተሸጠች የሚለው ይህን ይዞ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ነገሩ በጉቦ ብቻ አይተረጐምም፤ ከእንግሊዝና ከቅኝ አገሮቿ ጋር በነጻ መነገድ እውነተኛ ጥቅም ነበረ፤ የግላስጎው ነጋዴዎችም በትንባሆ ንግድ ኋላ በልጽገውበታል።

የውሉ ዋና ጉድለት ሌላ ነው። ሁለት ወገኖች ከተዋዋሉ በኋላ ሁለቱም ምክር ቤቶች ሕልውናቸው አብቅቶ በምትካቸው አዲስ ምክር ቤት ተቋቋመ። ይህም ምክር ቤት በዚያው በዌስትሚንስተር ተቀመጠ፤ 513 የእንግሊዝና የዌልስ እንደራሴዎች በነበሩበት ጉባኤ ውስጥ ስኮትላንድ የነበሯት 45 ብቻ ናቸው። ለመኳንንቱ ምክር ቤት ደግሞ 16 ትመርጥ ነበር። እንግዲህ ውሉ ቢጣስ አቤቱታው ለማን ይቅረብ? ዳኛው ያው ተከሳሹ ነው።

ጥሰቱም አልዘገየም። በ1708 የኤዲንብራው የንጉሥ አማካሪዎች ሸንጎ ተሻረ። በ1712 ካህንን ለአጥቢያው የመምረጥ መብት ከምእመናኑ ተወስዶ ለባለ ርስቶች ተሰጠ። በ1713 በብቅል ላይ ቀረጥ ሊጣል ሲታሰብ፣ ስኮትላንዶች ይህ የውሉን አንቀጽ ያፈርሳል ብለው ተቃወሙ። በመኳንንቱም ምክር ቤት አንድነቱ ይፍረስ የሚል አሳብ ቀርቦ በአራት ድምፅ ብቻ ወደቀ። አሳቡን ያቀረበው የፊንድላተር አርል፣ በ1707 የስኮትላንድ ቻንስለር ሆኖ ውሉን ያስፈጸመው ያው ሰው ነበር! ቀረጡ በ1725 በእውነት መሰብሰብ ሲጀምር ግላስጎው በሁከት ታወከች።

የሕዝቡን ስሜት ከሁሉ ይልቅ የሚገልጸው ግን በ1736 በኤዲንብራ የሆነው ነገር ነው። አንድሩ ዊልሰን የተባለ የኮንትሮባንድ ነጋዴ የቀረጥ ሰብሳቢን ገንዘብ በመዝረፍ ሞት ተፈርዶበት በሚያዝያ ወር ተሰቀለ። የለንደንን ቀረጥ የሚጠላው ሕዝብ ለሰውየው አዝኖ በከተማው ዘበኞች ላይ ድንጋይ ቢወረውር፣ ዘበኞቹ ተኵሰው ብዙ ሰው ገደሉና አቈሰሉ። አለቃቸው ሻምበል ጆን ፖርትየስ በስኮትላንድ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሞት ፍርድ ተፈረደበት። ንጉሡ በሃኖቨር ስለ ነበር በእንደራሴነት የምትገዛው ንግሥት ካሮላይን ፍርዱ ለስድስት ሳምንት እንዲቈይ አዘዘች። ይህ ለሕዝቡ የራሱ ፍርድ ቤት የፈረደውን ለንደን የሻረች ሆኖ ታየው። መስከረም 7 ቀን እንደ እነርሱ አቆጣጠር፣ ሕዝቡ ሌሊት የወኅኒ ቤቱን በር በእሳት አቃጥሎ ሻምበሉን አወጣውና በግራስማርኬት አደባባይ ከአንድ ቀለም ነካሪ ምሰሶ ላይ ሰቀለው። ገመዱን የወሰዱት ከሱቅ ነው፤ ዋጋውንም አንድ ወርቅ አስቀምጠው እንደ ሄዱ ይነገራል። ዝርፊያ አልነበረም፤ ለሰቀላውም ተፈርዶበት የተቀጣ አንድም ሰው አልተገኘም።

የለንደን ምክር ቤት ከተማይቱን ለመቅጣት የከተማው በር ይፍረስ፣ ዘበኛው ይበተን የሚል ሕግ አረቀቀ። የስኮትላንድ እንደራሴዎች ተባብረው ስለ ተከራከሩ ቅጣቱ የከንቲባው መሻርና ለሻምበሉ ባለቤት የሚከፈል 2,000 ፓውንድ ሆኖ ቀረ። ከዚህ ይልቅ የከፋው ግን ካህናት ወንጀለኞቹን የሚያሳድደውን አዋጅ ለአንድ ዓመት በየወሩ በቤተ ክርስቲያን እንዲያነቡ መታዘዛቸው ነበር። ብዙዎቹ አናነብም አሉ። በአንድ ነገር ሕጉም ቤተ ክርስቲያኑም ተነካ።

የ1715ና የ1745ን የስቱዋርት ወገን ዐመፅ፣ በሚያዝያ 1746 በከሎደን የሆነውንም እልቂት አንባቢ ስለሚያውቀው አላስረዝምም፤ ያ ጦርነት ከስኮትላንድ ጥያቄ ይልቅ የዘውድ ወራሽ ጥያቄ ነበረ፤ ከንጉሡም ጦር ጋር የተሰለፉ ስኮትላንዶች ነበሩ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ከዚያው ዓመት ጀምሮ እስከ 1885 ድረስ በለንደን ካቢኔ ለስኮትላንድ የተለየ ሚኒስትር አለመሾሙ ነው። በዚህ መካከል የግዛቱ ስፋት ለስኮትላንዳዊው ወታደር፣ ሐኪምና ነጋዴ በህንድና በካናዳ ሰፊ እንጀራ ስለ ሰጠው ቅሬታው አንቀላፋ። በ1843 ግን ያ የ1712 ሕግ ቤተ ክርስቲያንን ለሁለት ከፈላት፤ ከ450 በላይ ካህናት ደመወዛቸውንና ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ሕጉ የተሻረው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ በ1874 ነው።

በ1934 የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ተመሠረተ። በ1949 ጆን ማኮርሚክ የሚመራው ማኅበር ለስኮትላንድ ምክር ቤት ይሰጣት የሚል ጽሑፍ «ቃል ኪዳን» ብሎ ሰይሞ፣ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ፈረመ ገለጸ። ለንደን ግን ነገሩ በምርጫ እንጂ በፊርማ አይወሰንም ብላ ዝም አለች። በሚቀጥለው ዓመት በልደት ሌሊት አራት የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ኤድዋርድ ቀዳማዊ በ1296 የማረከውንና የስኮትላንድ ነገሥታት ይነግሡበት የነበረውን ድንጋይ ከዌስትሚንስተር ገዳም አውጥተው ወሰዱ። ድንጋዩ በ1951 በአርብሮዝ ገዳም ፍርስራሽ ተገኝቶ ወደ ለንደን ተመለሰ።

በ1953 ደግሞ ማኮርሚክ፣ አዲሲቱ ንግሥት «ዳግማዊት» መባሏ አይገባም፣ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በስኮትላንድ አልነገሠችምና ብሎ ከሰሰ። በክሱ ተረታ። ነገር ግን ዋናው ዳኛ ሎርድ ኩፐር ወሰን የሌለው የምክር ቤት ሥልጣን የእንግሊዝ እንጂ የስኮትላንድ ሕግ መሠረት እንዳልሆነ በፍርዱ ውስጥ ጻፈ። ይህ አነጋገር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲጉላላ የኖረውን የውል ክስ በሕግ ቋንቋ ያስቀመጠ በመሆኑ፣ ተረቺው ከረቺው ይልቅ ያተረፈበት ሙግት ነው ለማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ በሰሜን ባሕር ዘይት ተገኘ። ጋቪን ማክሮን የተባለው የመንግሥት የኢኮኖሚ ባለሙያ በ1974 ባዘጋጀው ጽሑፍ፣ ነጻ የሆነች ስኮትላንድ ከዘይቱ እጅግ ብዙ ትርፍ ልታገኝ እንደምትችል ገምቶ ነበር። ጽሑፉ እስከ 2005 ድረስ በምስጢር ተይዞ ቈየ። መንግሥት በእነዚያ ዓመታት ሕዝቡን ስለ ገቢው ሲያከራክር ይህን ያውቅ እንደ ነበር ከተገለጠ በኋላ ጥርጣሬው መሠረት የለውም ለማለት ለማንም አዳጋች ሆነ።

በመጋቢት 1979 ስለ ስኮትላንድ ምክር ቤት ለሕዝብ በቀረበው ጥያቄ 1,230,937 ሰዎች ይሁን፣ 1,153,502 ደግሞ አይሁን አሉ። ሆኖም ከመላው መራጭ 40 በመቶ መደገፍ አለበት የሚል አንቀጽ በሕጉ ገብቶ ስለ ነበር፣ በቤቱ የቀረው ሰው ሁሉ እንደ ተቃዋሚ ተቈጠረ፤ 32.9 በመቶም አልበቃም ተብሎ ነገሩ ቀረ። በ1989 የነፍስ ወከፍ ግብር ከእንግሊዝ አንድ ዓመት አስቀድሞ በስኮትላንድ ሲጀመር፣ ገዢው ፓርቲ በዚያ ከነበሩት 72 እንደራሴዎች በ1987 ያገኘው 10 ብቻ ነበር። በ1997 እንደገና ሲጠየቅ 74.3 በመቶ ምክር ቤቱን ደገፈ፤ በ1999ም በኤዲንብራ ተከፈተ።

በ2014 ስለ ነጻነት በተሰጠው ድምፅ 55.3 በመቶ ከአንድነቱ ጋር መቈየትን መረጠ። ይህን ቍጥር ብሔራዊው ወገን ሊዘነጋው አይገባም፤ መንግሥትን መጠርጠርና ከመንግሥት መለየት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ያሳያል። በ2016 ግን ስኮትላንድ 62 በመቶ ድምፅ ሰጥታ ከአውሮፓ ኅብረት አንውጣ ብትልም ከእንግሊዝ ጋር ወጣች። በኅዳር 2022 ደግሞ የለንደኑ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የኤዲንብራው ምክር ቤት በራሱ ሥልጣን ሁለተኛ ድምፅ ሊያሰጥ አይችልም ሲል በአንድ ድምፅ ወሰነ። አቤቱታው አሁንም ወደ ዌስትሚንስተር ይመለሳል ማለት ነው።

ድንጋዩ በ1996 ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ ወደ ስኮትላንድ ተመልሷል። ንጉሥ በሚነግሥበት ጊዜ ለሥርዓቱ ወደ ለንደን እንዲሄድ ተወስኖ ስለ ነበር፣ በ2023 ለንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ ንግሥ ተወስዶ ተመለሰ፤ በ2024ም ጥንት ከነበረበት ከስኩን አጠገብ በፐርዝ ከተማ ቤተ መዘክር ተቀመጠ።