ሄሊኮፕተሩ አለ፣ ዕቃውስ?
እኛ ኮልፌዎች መኪና ሲቆምብን መርካቶ ወርደን ዕቃ እንፈልጋለን፤ አዲሱ ከጠፋ ያገለገለ እንገዛለን። ለተዋጊ ሄሊኮፕተር ግን ይሄ አይሠራም።

አገራችን በደርግ ጊዜ ከሶቪየት ኅብረት ያስመጣችውን ሚ-24 እንውሰድ። ሁለት ሞተር፣ ከላይ የሚሽከረከሩ አምስት ክንፎች አሉት። የሁሉም ዕድሜ የሚቆጠረው በበረራ ሰዓት ነው። ሰዓቱ ካለቀ ደህና ቢመስልም ይፈታል፤ ወይ ይታደሳል ወይ ይቀየራል። የሠራበት ሰዓት የተመዘገበበት ደብተር የሌለው ዕቃ በነጻ ቢገኝ እንኳ ማንም ደፍሮ አይገጥመውም።

ጣጣው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ሶቪየት ስትፈርስ ነው። ሄሊኮፕተሩ የሚገጣጠምበት ሮስቶቭ ሩሲያ ውስጥ ቀረ፤ ቲቪ3-117 የተባለውን ሞተሩን የሚያመርተው ሞተር ሲች ግን ዛፖሪዥያ፣ ዩክሬን ነው። በ2014 ሁለቱ ሲጣሉ ዩክሬን ለሩሲያ ወታደራዊ ዕቃ መሸጥ አቆመች። ሩሲያም ሴንት ፒተርስበርግ ባለው ክሊሞቭ ፋብሪካ የራሷን ቪኬ-2500 ወደ ማምረት ዞረች። በ2022 ጦርነቱ ሲሰፋ ደግሞ ሞተር ሲች ራሱ በሚሳይል ተመታ።

ዕቃ ሲጠፋ በየአገሩ ያለው ብልሃት አንድ ነው፦ አንዱን አቁሞ ለሌላው መፍታት። ስለዚህ "ይሄን ያህል ሄሊኮፕተር አላቸው" የሚል ዜና ስታዩ፣ ስንቱ ይነሣል ብላችሁ ጠይቁ።